ሌንስ እስኪቀየር

ለታናሽ ልጇ ለመቅደስ ሰርግ ፎቶ አንሺ ይመረጥ በተባለበት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻሺቱ ሲቀላ ሰፈር ባለው ግቢዋ ከማንጎው ጥላ ሥር ወንበር ደርድራ እንግዶቿን ተቀበለች። ጎረቤቷ ወለቴ መጣች። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ እንድሪያስም ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወረዱ፤ ብቻቸውንም አልመጡም፤ «የታላቋን የፌቨንን ሰርግስ ያነሳው እሱ አይደል?» ብለው ፎቶ አንሺውን አበጋዝን አስከትለዋል።

አበጋዝ ተቀምጦ ሳይደላደል ቦርሳውን ከፈተ። ካሜራውን መሃል አድርጎ ሌንሶቹን ከአጭር እስከ ረጅም ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ይሄ ለዚህ፣ ያኛው ለዚያ እያለ ማስረዳት ጀመረ። ሻሺቱ እያንዳንዱን በዓይኗ ተከተለች። የትልቋን ልጇን የፌቨንን ሰርግ አልረሳችም። ግን ምን ታድርግ? የባሏን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት አትቃወም። እንግዳውን እንዳትናገር ደግሞ «እቤት የገባ ሰው አይሰደብም» የሚል ባል ነበራት። ስለዚህ ወንበሯን ወደ ወለቴ አዞረች።

«ወለቴ፣ ሙቀቱ እንዴት አደረገሽ? ዝናቡ እስኪመጣ መቻል ነው እንግዲህ። ዛሬ ከጫሞ ሐይቅ የመጣውን ዓሳ አየሽው? ደህና ነበር። ዓሳ ሲገዛ መቼም ዓይኑን ማየት ነው፤ ዓይኑ ከደበዘዘ ቆዳው ቢያብረቀርቅ ምን ሊረባ... ዓሳ ማለቴ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላልኩም።»

ወለቴ ሙዟን እየላጠች ፈገግ አለች። ሻሺቱ ከዓሳ ተነስታ የት እንደምትደርስ ታውቃለች።

«ዓይን ካልን አይቀር፣ አንድ ፎቶ አንሺ አለ፤ አንቺ አታውቂውም። ጎበዝ! እንደሱ ያለ ጎበዝ ከዚህ እስከ ደጋው ጨንቻ ብትወጪ አታገኚም። ካሜራው ብቻ ሕፃን ልጅ ያክላል። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ሳየው አንጀቴን ይበላዋል። ሸክሙ እንዳይበዛበት ነው መሰለኝ ልቡን እቤቱ ትቶ የሚመጣው... ረጅሙን ሌንስ ሲያወጣማ! ሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ጫሞ ውስጥ ያለ አዞ ስንት ጥርስ እንዳለው ይነግርሻል አሉ። ታዲያ ያን ያህል ሩቅ የሚያይ ሰው አጠገቡ ያለው ቢሰወርበት ይፈረድበታል? እኔስ አልፈርድም።»

አበጋዝ ሊያሳያቸው ያነሳውን ረጅም ሌንስ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ደግሞ ሌላ አለው፤ ከኋላ ያለውን ሁሉ የሚያደበዝዝ። ሙሽራይቱ ጥርት ትልልሽና ወላጅ የለ ዘመድ የለ፣ ከጀርባዋ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው እናንተ! ድሮ ከኋላችን ያሉትን በነፃ ነበር የምንረሳው፤ አሁን መርሻውም ከውጭ አገር ይመጣል።»

ጋሽ እንድሪያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሻሺቱ ያልሰማች መሰለች፤ ልቧ ግን ወደዚያ ቀን ሄዷል።

ባሏ ሀብተሚካኤል በፌቨን ሰርግ ሰሞን የአልጋ ቁራኛ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ጢሜን ላጩኝ አለ። የጨንቻ ዘመዶቹ የሸመኑለትን ነጭ ጋቢ ለበሰና ልጁ ጉልበቱን ስትስም እንደምንም ብሎ ቆመ። ሁለት እጁን ራሷ ላይ ጭኖ መረቃት። ድምፁ ደካማ ስለነበር ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሰማው። አበጋዝ ግን አጎንብሶ ሌንስ ይቀይር ነበር። ቀና ሲል ሀብተሚካኤል ተቀምጧል።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙት» አለ አበጋዝ።

ሀብተሚካኤል ሊያስደስተው ብሎ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ሞከረ። ጉልበቱ እምቢ አለው። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ» አለች ሻሺቱ ድምጿን አስተካክላ። «ሲመረቅ የተፈታ ሌንስ ግን ሲመረቅ አይታጠቅም... አልበሙ እንደሆነ ምንም አይወጣለትም፤ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። የሙሽራይቱ ጫማ አለ፤ ግራውም አለ ቀኙም አለ። ኬኩ አለ፤ የመኪናው አበባ አለ። ለቅሶ የመጣ ሰው የባለቤቴን ፎቶ ሲጠይቀኝ ኬኩን ላሳየው ነው? የልጄ የጆሮ ጌጥማ... ጥርት! ከጌጡ ኋላ አንድ ነጭ ነገር አለ። ጉም ነው፤ የጨንቻ ጉም። ይኸውልሽ ባሌ እሱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የኖርኩት ከጉም ጋር መሆኑን ያወቅሁት ፎቶው ሲታጠብ ነው...»

እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። ወለቴ ሙዝ መላጡን ተወች። ጋሽ እንድሪያስ አንገታቸውን ደፉ፤ የአልበሙን ሽፋን አይተው አድንቀው ነበር እንጂ፣ ወንድማቸውን ውስጡ ፈልገው አያውቁም። ሻሺቱ ግን በዚህ ሰው ፊት ላለማልቀስ ምላለች። ነጠላዋን ሰብስባ ቀጠለች።

«ይሁን፤ ክፉ አንናገርበትም። ሥራው ማንሳት አይደል? እሱ ባለቤቴን ባያነሳው እኔ ይኸው እሱን አነሳዋለሁ። በየለቅሶው አነሳዋለሁ፤ በየማኅበሩ አነሳዋለሁ። ሲቀላ ውስጥ የሱ ስም ያልተነሳበት ቤት ካለ እኔ ያልረገጥኩት ነው። ያውም ያለ ካሜራ! ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ካሜራ ካነገቱ ደግሞ... ዓይን ምን ያደርጋል?»

አበጋዝ ጆሮው ድረስ ቀላ። ካሜራውን ወደራሱ ሳብ አደረገ።

«ለመቅደስ ግን እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው ማስቸገር ነውር ነው። የኛ ሰርግ ትንሽ ናት፤ ያ ሁሉ ሌንስ ይበዛባታል። አሁን የምመርቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጉም ለመሆን ገና አልቸኮልኩም። ያንቺ ስልክ ይበቃናል፣ ወለቴ። ስልክ መቼም የዋህ ነው፤ አባት እየመረቀ ሌንስ ልቀይር ብሎ አንገቱን አይፈታም።»

ጋሽ እንድሪያስ እጃቸውን ዘርግተው የረጅሙን ሌንስ ክዳን አነሱና ለአበጋዝ አቀበሉት። ነገሩ በዚሁ አለቀ። አበጋዝ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰ። ሻሺቱም እንደ ደንቡ ከወንበሯ ተነሳች፤ ለመንገድህ ብላ ከግቢዋ ሙዝ ቆርጣ አስያዘችው። ዓይኗ ግን አሁንም ወለቴ ላይ ነው።

«ረስቼው ወለቴ! ያ ያልኩሽ ልጅ ሊያገባ ነው አሉ። እሰይ! በሰው ሰርግ ሲንከራተት ኖሮ ለራሱ ደረሰ። እግዚአብሔር የሰመረ ትዳር ይስጠው። እናቱንም በጤና ለዚያች ቀን ያድርስለት። ጉልበቷን ሲስም ቆማ፣ እጇን ራሱ ላይ ጭና፣ ከአንጀቷ ትመርቀው። ያን ሰዓት አጠገባቸው የሚቆመው ፎቶ አንሺም... ካሜራው ከሱ ካሜራ የማያንስ፣ ሌንሱ ከሱ ሌንስ የማያጥር፣ በሙያው ቁርጥ ራሱን የመሰለ ይሁንለት! አሜን በሉ እንጂ?»

ምርቃት ዝም አይባልም። ወለቴ አሜን አለች። ጋሽ እንድሪያስ አሜን አሉ። አበጋዝም፣ ሙዙን እንደታቀፈ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «አሜን» አለ።