መስክ ላይ የከረመው ጀግና

«ታቢትዬ፣ ዛሬ ከታቦር ተራራ ስወርድ ሐይቁ እንዴት እንደሚያምር አየሽልኝ? እንዲህ ያለ ጠዋት ሰውን ደግ ያደርጋል... አይደል?»

ይህን ያለችው ጸሐይወርቅ ናት፤ አዋሳ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ አሥራ አንድ ዓመት ታይፕ ስትመታ የኖረች። ታቢታ እዚያው ክፍል ፋይል ትደረድራለች። የክፍል ኃላፊው በር ገርበብ ብሏል። ጸሐይወርቅ ጠረጴዛ ላይ እሱ በማለዳ የሰጣት ረቂቅ ተቀምጧል፤ ተላላኪው ሞገስ ጆሮው መስማት ስለተሳነው ከሥራ ይሰናበት ይላል። የሞገስን ጆሮ የወሰደው ባለፈው በጋ ከተማውን ያመሰው ማጅራት ገትር ነው። ጸሐይወርቅ አንዲት ፊደል አልነካችም። ድምፅዋን ግን ከፍ አደረገች።

መጀመሪያ ያነሳችው ራሷን ነው። ያን ሰሞን ነጭ ሽንኩርት አንገቷ ላይ አስራ ስትመላለስ፣ እንኳን በሽታው ባሏም አልቀረባት። ደብዳቤ የምትቀበለው በማስመሪያ ጫፍ እየጎተተች ነበር። ሞገስ ትኩሳቱን ደብቆ ፖስታ ሲያዞር ሰንብቶ እግሯ ሥር ሲወድቅማ፣ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች፤ ከወለሉ ደግፋ ያነሳችው ታቢታ ናት። በጋሪ ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም ጸሐይወርቅ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ከጋሪ ነጂው ጎን ተቀምጣ፣ ከታማሚው በላይ ስታቃስት ደረሱ።

«እንግዲህ እኔ ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ? ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ይባል የለ... ለጀግና ደግሞ መኪና ከነሾፌሩ አይነሱም። ሞገስ በወደቀ በማግስቱ አስቸኳይ የመስክ ሥራ የመጣበት ሰው አውቃለሁ። ስም ምን ያደርጋል? ዲላ ላይ አርባ ቀን ሙሉ ለአገር መልፋት ቀላል ነው እንዴ? ሚስቱንና ልጆቹንም ይዞ ነው የሄደው... የመስክ ሥራ ብዙ እጅ ሳይፈልግ አይቀርም። በሽታው ሲወጣ እሱ ገባ፤ እንዴት አምሮበት መሰለሽ! ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ሲሸለም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ሌላ ምን ችሎታ አለኝ?»

ታቢታ አንገቷን ደፍታ ፋይሏን ታገላብጣለች። ከኃላፊው ክፍል ወንበር ተንቋቋ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የሞገስ ጆሮ ጭራሹን ጥሎት ጠፋ። ግን እንዲያው ልጠይቅሽ... ተላላኪ ፖስታ የሚያደርሰው በእግሩ ነው በጆሮው? እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጻፊ ሲሉኝ እጽፋለሁ። ዛሬ ግን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። እኔንም ለሥራ ብቁ አይደለችም ይሉኝ ይሆን?»

በሩ ተከፈተና ኃላፊው ወጣ። ቀና ብሎ አላያትም። ረቂቁን ከጠረጴዛዋ አንስቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ቀርቷል፤ በሥራው ይቀጥል» ብሎ ጻፈበትና መልሶ አስቀመጠው። ጸሐይወርቅ ከመቀመጫዋ ተነስታ እጅ ነሳች። ድምፅዋ ማር ነው።

«አየሽ ታቢትዬ፣ ደግ ሰው አልጠፋም። እንዲህ ያለውን አንጀተ ርኅሩኅ ዕድሜውን ያርዝምልን... ታሞ በወደቀ ቀንም፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ሰው አያሳጣው።»