ቁርቁራዋ ላይ የቆመችው ሰዓት

በእኛ ጊዜ፣ ስማኝ ጀማል፣ ያንን ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ፣ በእኛ ጊዜ የውሃ ሰዓት በስልክ ፎቶ አይመረጥም ነበር። የመስኖውን ውሃ የምታካፍል የውሃ አባት አንተ ነህ ብለው መረጡህ፣ አላህ ያግዝህ፣ ደግ ነው። ታዲያ ገና ሳትጀምረው "አያ ሙሄ፣ አውቶማቲክ ሰዓት አገኘሁ፣ መሙላት የለ፣ ባትሪ የለ" ትለኛለህ? እኔን? ወላሂ ደሜን አፈላኸው! ተቀመጡ ሁላችሁም። አንቺም ዘሀራ ተቀመጪ፣ ያንቺ ነገር ነው የሚወራው፣ እንዳትሄጂ።

የድሮዋ ሰዓት፣ በእጅ የምትሞላዋ፣ ቦዩ አፍ ላይ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ላይ ነበር የምትሰቀል። የውሃ አባት ሳለሁ እጄ ላይ አላስራትም። ለምን? ውሃ የሚያካፍል ሰው ሰዓቱን እጅጌው ውስጥ ከያዘ ማን ያምነዋል? ለወንድሙ ሲሆን ያዘገያል፣ ለተጣላው ሲሆን ያስሮጣል፣ ይባላል። እና ሁሉም እንዲያያት ትሰቀላለች፣ ባለተራው መጥቶ ያያል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል፣ አለቀ። እኔም ሱብሒ ሰግጄ እወርድና እሞላታለሁ፣ ክርር ክርር፣ አለቀ። ስንት በጋ እንዲህ ኖርን። ታዲያ አንድ የተረገመ ወይፈን ግንዱ ላይ ሊታከክ መጥቶ ጣላትና ረገጣት። ዱቄት አደረጋት። አስተግፊሩላህ፣ ከብት አይረገምም፣ እኔ ግን ረገምኩት።

እና ከሚሴ ሄድኩ፣ ጠንካራ ሰዓት ልገዛ። ሻጩ ጸጉሩ ቅባት የጠጣ ልጅ ነው። "አባባ፣ ይቺን ይውሰዱ፣ ባሕር ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ትገባለች!" ይለኛል። "ልጄ፣" አልኩት፣ "ቦርከና በበጋ የላም ጉልበት አይደርስ፣ ማን ነው ሁለት መቶ ሜትር የሚገባው?" "ቢጥሏት አትሰበር!" አለ። ጣልኳት፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣ እሱ ሲደነግጥ። አልተሰበረችም። ብርጭቆ ውሃ አስመጣሁና ነከርኳት። አልገባባትም። "መሙላትስ?" ብለው፣ "ኧረ አባባ፣ ራሷ ትሞላለች!" አለ። ራሷ! በምን? አልነገረኝም። እኔስ? እኔ ሽማግሌው፣ በሬ ስገዛ ጥርሱን ቆጥሬ፣ ሻኛውን ዳስሼ፣ አስነስቼ አስሂጄ የምገዛው ሰውዬ፣ በምን ትሞላለች ብዬ አልጠየቅኩም! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰቀልኳት። መሙላት ከሌለ ምን ብዬ አወርዳታለሁ? ቅዳሜ ሄደች። እሁድ ጠዋት ተራው የሰይድ ነው፣ እስከ አራት ሰዓት። ከአራት እስከ ዙሁር፣ እስከ እኩለ ቀን፣ የዘሀራ። ዙሁር አዛን ሲል ውሃው የታች ሰፈር ነው፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘሀራ ያኔ ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፣ ያላት ያቺ የሽንኩርት ችግኝ ናት፣ የተከለቻትም በዚያው ሳምንት ነው፣ ያን ቀን ውሃ ካላገኘች በስምንተኛው ቀን ነው የሚደርሳት። እኔ ፈንጠር ብዬ የተሸረሸረ ቦይ እደፍናለሁ። መጣች።

"አያ ሙሄ፣ ተራዬ ደርሷል።"

ሄጄ አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ። "ገና ነው፣ ተመለሽ" አልኳት። ሄደች። ቆይታ መጣች።

"ኧረ ማሎ አያ ሙሄ፣ ጥላዬን በእግሬ ለክቼዋለሁ፣ አራት ሰዓት አልፏል። ሰዓትዎ ቆሟል።"

ምን አልኩ መሰላችሁ? ንገሪያቸው ዘሀራ፣ ምን አልኩሽ? እሺ ራሴ እናገራለሁ። "ሰው ይዋሻል እንጂ ሰዓት አይዋሽም!" አልኳት፣ በሰው ፊት። ሦስት ሰዓት ከሃያን ሁለቴ አይቼ! ዓይኔ የሰከንዷን ቆጣሪ አያይ፣ ቀርቤ እንኳ አላዳመጥኩ። ሰይድስ? ሰይድ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል፣ ውሃው በማሳው ይንፏለላል። "ሰይድ፣ አንተ ምን ትላለህ?" ብለው፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ ሙሄ ካሉ አሉ ነው" አይለኝም! የሚያውቅ ሌባ! ሣቁን በፎጣው ሸፍኖ!

ታዲያ አዛኑ አለ። አላሁ አክበር ሲል እኔ ቀና ብዬ ሰዓቷን አየሁ። ሦስት ከሃያ። የታች ሰፈር ሰዎች መጥተው ውሃቸውን መለሱ፣ ሐቃቸው ነው፣ ምን ልበላቸው? ዘሀራ ማሳዋ ዳር ተቀምጣለች፣ አታለቅስም፣ አትሳደብም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ቆይቶ የራሴ ተራ ሲደርስ ለሷ ሰጠሁ፣ ግን የእኛ የጨፋ ፀሐይ መች ሦስት ቀን ይጠብቃል? ግማሹ ችግኝ ክችች ብሎ ደርቋል።

ሰዓቷን ይዤ ሰዓት ጠጋኝ ጋ በረርኩ። እሱ ጆሮው ላይ አደረገና ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አደረጋት። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ! እሱ እጅ ላይ! "አልሞተችም እኮ አያ፣" አለኝ፣ "ውስጧ የምትዞር ብረት አለች፣ እጅ ላይ ታስራ ስትንቀሳቀስ ነው የምትሞላው። የት አስቀምጠዋት ነው?" "ዛፍ ላይ" አልኩት። ሣቀብኝ። እኔ አልሣቅኩም፣ ዛሬም አልሥቅ።

እና ጀማል፣ ስትገዛ፦ በእጅ የሚሞላ፣ መስታወቱ ወፍራም፣ ቁጥሩ ከሩቅ የሚታይ፣ ማሰሪያው ከወይፈን የሚተርፍ። በየቀኑ ሱብሒ ላይ ወርደህ ሙላት። ሰነፍ ከሆንክ ሹመቱን መልስ! ምን? ምን አልክ?

"እጅዎ ላይ ቢያስሯት ኖሮ እኮ አትቆምም ነበር፣ አያ ሙሄ።"

አትቆምም! ወላሂ ትሄድ ነበር፣ ታዲያ ማን አይቷት? የውሃ ሰዓት እጄ ላይ አስሬ? ዘሀራ፣ ኧረ አንቺ ንገሪው፣ የትኛውን ይግዛ?

"የፈለገውን ይግዛ፣" አለች ዘሀራ ነጠላዋን እያራገፈች ተነስታ። "ብቻ ሴት ቆሟል ስትለው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ።"