ሁሉም የግራ እጅጌ

ጋሽ መቀስ ያን ቀን ቂጣቸው ወንበር አልነካም። የስፌት ቤቱ አንጋፋ ቆራጭ ናቸው። ሲቆርጡ ለሰው ጀርባ ይሰጣሉ፣ ሲጨርሱ የጠመኔውን ምልክት በክንዳቸው ይጠርጋሉ፤ ሙያቸውን ዝንብ እንኳ እንዳታይባቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ጥቅል ሸጉጠው ሹልክ ሊሉ ሲሉ፣ ደረጃው ላይ ከምላሱ ጋር ግጥም። ምላሱ ወጣት ሰፊ ነው፤ ስሙን ያወጣለት አፉ ነው። አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ይወጣል።

«ወዴት ነው ጋሼ? ዛሬ ተራው የእርስዎ እኮ ነው።»

ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ከምሳ በኋላ ክብ ሠርተው፣ አንዱ የሚችለውን ለሌላው ያሳያል። ጋሽ መቀስ ግን «የሥራ ፈቶች ማኅበር» ይሉታል።

«እኔ የተማርኩት ተኮርኩሜ ነው። ሙያዬን ለመንጋ በትኜ፣ ነገ አለቃው በምኔ ያስቀምጠኛል?»

«ባለፈው ጉንፋን የያዘዎት ጊዜ ማሽኑ ሁሉ አብሮዎት ታመመ። ቤት ሙሉ ሰው የአንድ ሰው ሳል እስኪለቅ ቁጭ ብሎ ከጠበቀ፣ ምኑን ሥራ ሆነ?»

«አፍህ ላይ ቁልፍ የሚተክል ጠፋ» ብለው ሊያልፉ ሲቸኩሉ ጥቅሉ ከብብታቸው ሾልኮ ተዘረገፈ። የጥቁር ኮት እጅጌዎች ናቸው። ምላሱ ወንበሩን አውርዶ አንዱን አነሳ፣ የግራ። ሌላውን አነሳ፣ የግራ። ሁሉም የግራ።

ሽማግሌው አንድ ደረጃ ወጡ፣ አንድ ወረዱ፣ ደግሞ ወጡ። በመጨረሻ አወጡት፦ ዓይናቸው የጥቁር ጨርቅ ፊትና ጀርባ መለየት ካቆመ ሰንብቷል፤ ሲያነጥፉት ተሳሳቱ። ባለኮቶቹ ነገ ይመጣሉ። አለቃው ከሰማ አበቃላቸው።

ምላሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ ካላገኘን መደበቁ አያዋጣም። ልብስ ተኳሿ እኮ የጨርቁን ፊት ከጀርባው በጣቷ ነው የምትለየው። ጠይቀዋት አያውቁም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ጠይቄ ልዋረድ?»

«መጠየቅ የአንድ ቀን እፍረት ነው፤ መደበቅ የየቀኑ።»

እያጉረመረሙ ተመለሱ። ተኳሿ ጣታቸውን ይዛ ጨርቁ ላይ አስኬደችው፦ ፊቱ ያንሸራትታል፣ ጀርባው ይይዛል። አንዴ ሳቱ፣ ተቆጡ፣ ደገሙ፤ ኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ለዩት። ያኔ ወኔያቸው መጣ። ከቁርጥራጩ የቀኙን እጅጌ በሁለት ቁራጭ ማውጣት፣ መጋጠሚያውንም ከብብት በታች መደበቅ እንደሚቻል ያውቃሉ። ይህን ለሰው አሳይተው አያውቁም፤ አሁን ግን በሁሉም ፊት ይቆርጡት ጀመር። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ሲያይ አለቃው ገባ።

«ምን ጉባኤ ነው?»

ጋሽ መቀስ ጠመኔውን አስቀመጡ። «በስህተት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እያቃናን ነው።»

አለቃው እጅጌውን አገላብጦ አየ። «እርስዎ ባይኖሩ ይህን ማን ይጨርሰዋል?»

«እነዚህ ይጨርሱታል» አሉ።

«እነዚህንስ ማን ያስተምርልኛል? እርስዎንማ አልለቅም» ብሎ ወጣ።

ኮቶቹ በማግስቱ ለባለቤቶቻቸው ደረሱ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያስነጥስ ቤቱ አይቆምም፤ ቁልፍ ተካይዋ ትቆርጣለች፣ ቆራጩ ጨርቅ በጣቱ ያነባል፣ የተሳሳተም ጥቅል ይዞ ደረጃ ለደረጃ አይሸሽም። ዕውቀት እንደ መቀስ ነው፤ ተቆልፎበት ከኖረ ይዝጋል።

ጋሽ መቀስ ግን ዛሬም መቀመጥ አይሆንላቸውም። ቆርጠው ሲጨርሱ ክንዳቸው በልማዱ ወደ ጠመኔው ምልክት ይሄዳል። መንገድ ላይ ያቆሙታል።

«ምን ታፈጣላችሁ?» ይላሉ። «ቀረብ ብላችሁ እዩ እንጂ።»