የአማረች ጉምና የገመዳ ቅቤ

የናዝሬትን የየካቲት ነፋስ የማያውቅ ሰው የምነግረው ሁሉ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ነፋሱ ሲነሣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ነው መንገድ የሚሻገረው። ከተማዬን ማማቴ አይደለም። ደረቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ትንሽ ይስልና ይተወዋል፤ አስም ላለበት ግን ያ ወር ቀላል ወር አይደለም።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ነው። የታመመ ባልደረባዬን ልጠይቅ ብዬ መናኸሪያ ገባሁና ወለንጪቲ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። በእኛ አገር አውቶቡስ በሰዓት ሳይሆን በሰው ብዛት ስለሆነ የሚነሣው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ ነፍሴ የምትጠላው ነገር ነው። ከአጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ በጉያቸው አንድ ነገር አቅፈው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ ጎረቤቴ አቶ ገመዳ ሆነው አገኘኋቸው። አቶ ገመዳ ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ በመካኒክነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አቶ ገመዳ? ወይዘሮ አማረችስ እንደምን ናቸው?»

«እኔስ ፈያዳ፣ መምህር፤ እግዜር ይመስገን» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እሷ ግን ልትሞትብኝ ነው።»

ደነገጥኩ። ሠፈራችን ወይዘሮ አማረችን የሚያውቃቸው በምላሳቸው ነው። እሳቸው ከግቢያቸው ሆነው ሲቆጡ ቀበሌው ስብሰባ የጠራ ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከአጥሩ ማዶ ያ ድምፅ ከጠፋ ሰንብቷል።

«አስሙ ነው?»

«አስሙ ነው። ሁለት ቃል ትናገርና ታርፋለች። ቤቱ ጭር አለብኝ። አያድርስብዎ መምህር፣ መሰደብ ናፈቀኝ» አሉ። ሊስቁ ሞክረው አቃታቸው።

ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው የታቀፉትን አሳዩኝ። ልጃቸው ሐዲስ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ለእናቱ ያመጣት መሣሪያ ናት። ቡጢ ታክላለች። የታችኛው ክዳኗ ሲፈታ የባትሪ ድንጋይ ይገባባታል፤ ከላይ ደግሞ መድኃኒት የሚጨመርባት ትንሽ ጽዋ እንደ ብሎን በጥርስ ትታሠራለች። ቁልፏን ሲጫኗት መድኃኒቱን ቀጭን ጉም ታደርገዋለች፤ ሕመምተኛው ያንን ጉም በመሳቢያዋ በኩል በአፉ ይስባል። ቤተሰቡ «ጀርመኗ» ይላታል።

«መጀመሪያ ግሩም ነበረች» አሉ አቶ ገመዳ። «አማረች በሳበች ቁጥር ፊቷ ይበራ ነበር። አሁን ግን በሳበች ቁጥር ይብስባታል፤ ታስላለች፣ ትታፈናለች። ስለዚህ ቆረጥኩ። ወለንጪቲ ራህመቶ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ ሆዷን ከፍቶ መለዋወጫ ያድርጋት። ከቤቴ ትውጣልኝ!»

«ሐኪም አማክረዋል?»

«ለሐኪም ስለ ብረት ምን እነግረዋለሁ? ብረት የማውቀው እኔ!»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ እግላለሁ፤ አንድ ኃይለኛ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላስበው ሰማሁ። አንድ ጊዜ ልያት?»

ዘወር ስል ሎሚ ጉደታ ናት። በአንድ ወቅት ተማሪዬ ነበረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ተምራ ናዝሬት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም። አቶ ገመዳ እያመነቱ ሰጧት። ጽዋውን ልትፈታ ስትል ጣቷ ተንሸራተተ። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ! ያውም የአርሲ ነገሌ ለጋ ቅቤ።»

«ቅቤ ለምን ተቀባች?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብረት ከብረት ጋር ሲታሠር ቅባት ካላገኘ ይነካከሳል። ጥርሷ እየደረቀ አልፈታ አለኝ። ግራሶ እንዳልቀባት አፍ የሚነካት ዕቃ ናት። ግራሶ አይበላም፤ ቅቤ ግን ይበላል። ስለዚህ ቅቤ ቀባኋት። ጥርሷን ያላላል፤ የአማረችንም ደረት ያለሰልሳል። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ!»

አንባቢዬ ሆይ፣ እንዳትስቅ። ይህ የሰነፍ ሰው ስሕተት አይደለም። ጠንቃቃ ሰው፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው፣ አስቦና አሰላስሎ የሠራው ስሕተት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማረም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

«አባባ» አለች ሎሚ፣ «የሚበላ ሁሉ አይተነፈስም። ቅቤ ሆድ ሲገባ ሆድ ያውቀዋል፤ ይፈጨዋል። ሳንባ የሚያውቀው አየር ብቻ ነው። ቅባት ሲገባበት ሊፈጨው አይችልም፤ እዚያው ይቀመጥና ያሳብጠዋል። ጉሙ በዚህ ጥርስ አጠገብ ሲያልፍ ቅቤውን እየቀማመሰ ነው ወደ እማማ ደረት የሚገባው።»

«የዘመን ልጆች ሁሉን ነገር በሽታ ታደርጉታላችሁ! እኛን እናቶቻችን ገና ስንወለድ ቅቤ እያስዋጡ አይደለም ወይ ያሳደጉን? ማን ሞተ?»

«ቅቤው ትን ብሎት የሞተው ሕፃንማ መጥቶ አይነግረንም፣ አባባ።»

ይህን ያለችው በለሰለሰ ድምፅ ነው። ሆኖም ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ሲያደርጉ አየሁ።

«ወለንጪቲ! ወለንጪቲ! ሁለት ሰው የቀረው!» ሲል ረዳቱ ጮኸ።

ሎሚ የታችኛውን ክዳን ፈታች። ኧረ ጉድ ነው! የባትሪው ድንጋይ ራስ፣ ድንጋዩን ደግፎ የሚይዘው የሽቦ ሞላ፣ የክዳኑ ጥርስ፣ ሁሉም በግራሶ ተጠምቋል፤ በግራሶው ላይ ደግሞ የናዝሬት አቧራ ተጋግሮ ጠቁሯል።

«ይህስ፣ አባባ?»

«እሱን እንኳ አትንኪብኝ!» አሉ አቶ ገመዳ በቁጣ። «እሱ የባቡር ግራሶ ነው። ከታች አፍ አይነካትም። እርጥበት እንዳይገባ፣ እንዳይዝግ ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ግራሶ ቀብቼ ከኖርኩ በኋላ የት እንደሚቀባ አንቺ ታስተምሪኝ?»

«አላስተምርዎትም፤ እርስዎ ያስተምሩኝ» አለች። «የባቡሩ ፍሬን መንኮራኩሩን በሚይዝበት ቦታ ላይ ግራሶ ትቀቡ ነበር?»

«አብደሻል እንዴ? ባቡሩ በምን ሊቆም!»

«ምን ይሆናል ቢቀባ?»

«ይንሸራተታላ! የፍሬን ሥራው አጥብቆ መንካት ነው። በመካከል ቅባት ከገባማ...» ብለው ጀመሩና ዓይናቸው በእጇ ላይ ባለችው ጀርመኗ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ሎሚም አልተቻኮለችም። ተማሪዬ ነበረች ብያችኋለሁ፤ ይህን ትዕግሥት ግን ከእኔ አልተማረችውም።

«የድንጋዩ ራስና ይህ ሞላም ሥራቸው መነካካት ነው፣ አባባ። በመካከላቸው ግራሶ ሲገባ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም። አቧራውም ይጣበቅበታል። ጉልበት ሲያንሳት ጉሙ መቅጠኑ ይቀርና ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቀራል እንጂ ደረት አይደርስም።»

«ለዚህ ነዋ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ባሰጣው ባሰጣው ያልሆነልኝ!» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል።

«እስቲ አፍንጫዎን ያስጠጉና ቁልፏን ይጫኗት።»

ተጫኗት። ጀርመኗ አጉረመረመች፤ ከአፏም ጉም ሳይሆን ወፍራም ጠብታ ተፋች። የሻገተ ቅቤ ሽታ እኔ ድረስ መጣ። አቶ ገመዳ ትንሽ ስበውት ኖሮ ሳሉ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳሉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ይህንን ነው ‹ሳቢ› እያልኳት የከረምኩት? ያ ዋቃ! እምቢ ስትል፣ ‹አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ብለሽ› እያልኩ... እኔ ነኝ እንዴ ያፈንኳት?»

ቅድም ልናገረው የነበረውን ኃይለኛ ቃል እግዜር ስላስቀረልኝ አመሰገንኩት።

«አባባ፣ የቀቧት ሊያድኗቸው ብለው ነው» አለች ሎሚ። «አሁንም እናድናቸዋለን፤ በመቀባት ሳይሆን በመጥረግ።»

«ሞልቷል! እንሂድ!» አለ ረዳቱ።

አቶ ገመዳ ብድግ አሉ። «አውርደኝ!»

«አባቴ፣ አሁን ሞላ ብዬ!»

«አውርደኝ አልኩህ! ሚስቴ ዘንድ ነው የምሄደው!»

ሎሚ ተከተለቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ረዳቱ ሦስታችንንም ረገመን። ባልደረባዬን በሌላ ቀን እጠይቀዋለሁ፤ ይህንን ግን ሳላየው ማደር አልችልም ነበር። ጋሪ ይዘን፣ በሎሚ መድኃኒት ቤት በኩል አልፈን የሚያስፈልገውን ጨምረን፣ ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈን ቤት ደረስን።

ወይዘሮ አማረች አልጋ ላይ ሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ባላቸውን ሲያዩ፣ «ሰጠ...ሃት?» አሉ። አቶ ገመዳ አልሰጠኋትም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሊያዩዋቸው አልደፈሩም።

ሎሚ ከመቀመጧ በፊት አንድ ነገር ተናገረች። «ይህ ካልረዳቸው ከዚህ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው። ቢረዳቸውም ነገ ሐኪም ደረታቸውን ይይላቸው።» አቶ ገመዳ እሺ አሉ። ብረት የማውቀው እኔ የሚለው ነገር በዚያ ቀን ሁለተኛ አልተነሣም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የመጣችው ሳሙና ወጣች። ጽዋውና መሳቢያው በሞቀ ውኃ ታጥበው፣ ታጥበው፣ ቅቤው እስኪለቅ ድረስ ታጠቡ። የባትሪውን ቤት ግን ውኃ አላስነካችውም፤ ጥጥ በአልኮል ነክራ ሞላውንና የድንጋዩን ራስ ጠረገች። ጥጡ ጠቁሮ ይወጣል፤ ሌላ ጥጥ፤ እሱም ጠቁሮ ይወጣል። በመጨረሻ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«እዚህ ላይስ ምን ይቀባል?» አሉ አቶ ገመዳ ሞላውን እያዩ።

«ምንም። ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ አልኮሉ እስኪደርቅ ትንሽ እንጠብቅ። ይህ ፍሬኑ ነው።»

«ጥርሱስ? ጥርሱ ደግሞ ደርቆ ይታነቃል።»

«ለጥርሱ ይህ አለ» ብላ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ግሊሰሪን።»

«ይህ ሴቶች እጃቸውን የሚቀቡት?»

«እሱ ነው፤ ግን ሽቶ ያልገባበት፣ ለመድኃኒት የሚሆነው። ቅባት ይመስላል እንጂ ቅባት አይደለም፤ በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። ያም ሆኖ የጣት ጫፍ ካስነካን በኋላ መልሰን እንጠርገዋለን። ከውጪ በኩል ባለው ጥርስ ላይ ብቻ፤ ጉሙ በሚያልፍበት ውስጡ ላይ እሱም አይነካም።»

«ቫዝሊንስ? ለሕፃን ገላ እንኳ ይሆናል እኮ።»

«ለገላ ይሆናል፤ ለሳንባ ግን እንደ ቅቤው ነው። ደግሞ ይቺን ላስቲክ ይመልከቱ፤ ጽዋው እንዳያፈስ የምትይዘው እሷ ናት። ቫዝሊንና ግራሶ ላስቲክ ያሳብጣሉ፤ ያላሽቋታል።»

አቶ ገመዳ ይህንን ሲሰሙ የተማረ ሰው ፊት አሳዩ። የላስቲክ ነገር ለመካኒክ ይገባዋል። ክዳኑን ራሳቸው አሠሩት፤ ያለ ትግል ገጥሞ ቆመ። «ቅባት መብዛቱ አይደለም ለካ» አሉ በዝግታ። «ቦታውን ማወቁ ነው።»

መድኃኒቱ ተጨመረ። ቁልፏ ተነካች። ጀርመኗ ማጉረምረሙን ትታ እንደ ንብ እዝዝ አለች፤ ከአፏም በማለዳ አዋሽ ላይ እንደሚታየው ያለ ቀጭን ጉም ወጣ። ወይዘሮ አማረች ፈርተው ወደ ኋላ አሉ። ባላቸው ግን ዛሬ ለእኔ ብለሽ አላሉም። በርከክ ብለው፣ «ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ቅቤ ቀብቼባት ነው። አሁን ታጥባለች» አሉ።

ሳቡት። እንደገና ሳቡት። ትከሻቸው ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የከንፈራቸው ቀለም ተመለሰ፤ ትራሱን ትተው ቀና አሉ። መሳቢያውን ከአፋቸው አወጡና ባላቸውን ትኩር ብለው አዩ።

«ቅቤ? አንተ ሽማግሌ፣ እኔ ወጡ ያለ ቅቤ ሲቀርብልኝ፣ ዕቃውን ድመት ላሰው እያልክ የጎረቤቴን ድመት ስታስረግመኝ ከርመህ፣ ለካ የአርሲ ነገሌን ቅቤ ለብረት ነው ስታበላ የኖርከው፣ አንተ ብሎ መካኒክ፣ ባቡሩስ እንኳን ከእጅህ አመለጠ!»

ይህን ሁሉ ያሉት በአንድ ትንፋሽ ነው። መሐል ላይ አላረፉም፤ አልሳሉም። አቶ ገመዳ እንደተንበረከኩ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ ለመለየት አልቻልኩም።

«ድገሚው» አሉ። «እባክሽ አማረች፣ ከመጀመሪያው ድገሚው።»

«ጌታ ይመስገን» አለች ሎሚ በሹክሹክታ። እኔም አሜን አልኩ፤ አቧራ ገባብኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

በማግሥቱ ሐኪም አያቸው፤ መድኃኒቱም ጀርመኗም እንዲቀጥሉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የአቶ ገመዳ ቤት ላገኘው ጥቅም እኔ ጎረቤቱ ምስክር ነኝ። የባትሪ ድንጋይ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አያልቅም። ቅቤው ወደ ወጡ ተመልሷል። ከሁሉ በላይ ወይዘሮ አማረች ሌሊቱን ተጋድመው ያድራሉ። በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ልጃቸው ዘርፉ ስትወልድ፣ የሠፈሩ ባልቴቶች ለሕፃኑ የሚዋጥ ቅቤ ይዘው መጡ። አቶ ገመዳ በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው።

«ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ ይሁን፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ሕፃኑን ጡት ይበቃዋል። ቅቤ ትን ሲል ወደ ደረት የሚሄድበትን መንገድ እኔ አይቼዋለሁ።»

ባልቴቶቹ ተያዩ። አንዷ ብቻ አጉረመረሙ፤ ሌሎቹ ቅቤውን ወደ ማጀት ይዘው ገቡ። ሕፃኑ ዛሬ አጥር ይዘልላል።

ነፋሱ አሁንም በየካቲት ይነሣል። የተማሪ ደብተር እያረምኩ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ የወይዘሮ አማረች ቁጣ ይጀምራል፤ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ። ድሮ መስኮቴን እዘጋ ነበር። አሁን እከፍተዋለሁ፤ ከቁጣውም ቀጥሎ አቶ ገመዳ፣ «እሺ፣ ሌላስ?» ሲሉ እሰማለሁ።