የደምስ መነጽር ወዴት ያያል?

ፍኖተ ሰላም፤ ጋሽ ዘርጋው ከጎረቤታቸው ከደምስ ጣሪያ ላይ ያወረዱትን የሩቅ ማያ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ደጃፋቸውን ዘግተው ቆመዋል።

ደምስ፦ ኧረ ጋሽ ዘርጋው፣ መነጽሬን ይስጡኝ! ፀሐይዋ ልታመልጠኝ ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ፀሐይዋ ወይስ ስንዱ? ልጄ ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር አንተ ጣሪያ ላይ ነህ።

ደምስ፦ ልብስም የሚሰጣው ፀሐይ ስትወጣ፣ ፀሐይም የምትታየው ስትወጣ! እኔ ምን ላድርግ?

ጋሽ ዘርጋው፦ ምኗ ነው የሚታየው? ዕድሜዬን ሙሉ ስሞቃት ያው ናት።

ደምስ፦ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች እኮ! ፊቷ ላይ ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ የሳይንስ ሰዎች እነሱን ነው የሚከታተሉት። ነጥቡ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲሻገር መዞሯ ይታወቃል።

ጋሽ ዘርጋው፦ የዝንብ ኩስ ነው፤ መስታወቱን ወልውለው።

ደምስ፦ ወለወልኩት፤ እሱ እቴ! ደግሞ ወገቧ ይፈጥናል፣ ወር ሳይሞላው ዞሮ ይመጣል። ራስና እግሯ ግን ከወር በላይ ይጎተታሉ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ወገቧ እግሯን ጥሎ? አንተ ልጅ፣ «አያቴ አዞ ላይ ኮርቻ ጭነው ዓባይን ተሻገሩ» ያልከኝም አንተው ነህ።

ደምስ፦ አዞው ትንሽ ተጋኗል። ይኼ ግን እውነት ነው፤ ድንጋይ አይደለችማ፣ የጋለ ጋዝ ናት። የሳይንስ ሰዎቹ መዞሯን በብርሃኗም ያውቃሉ። አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥን የለ? ሲያልፍ ይወፍራል። የፀሐይም ወደኛ የሚዞረው ጎኗ ብርሃኑ በመሣሪያ ሲለካ ቅንጣት ታህል ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሸው ወደ ቀይ ያደላል።

ጋሽ ዘርጋው፦ በዚህ አፍጥጠህባት ዓይንህ እንዴት ተረፈ?

ደምስ፦ ማን አብዶ! በቀጥታ ያየ ይታወራል። ጀርባዬን ሰጥቻት፣ በመነጽሩ አሳልፌ ነጭ ወረቀት ላይ ነው የምጥላት።

ጋሽ ዘርጋው፦ ጀርባህን ለፀሐይ። ፊትህንስ ለማን?

ደምስ፦ ለ... ለወረቀቱ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ወረቀቱስ በኛ ግቢ በኩል ነው?

ደምስ፦ ጋሽ ዘርጋው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ጋሽ ዘርጋው፦ ውሸትና ስንቅም እያደር ይቀላል! ትናንት ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። ጣሪያው ላይ ሆነህ ማን ስትዞርልህ ዋለች?

ደምስ፦ እ... ስንዱም እኮ በዚያ ደመና ልብስ ስታሰጣ ነበር።

ጋሽ ዘርጋው፦ አይቻለሁ። ያውም ደረቅ ልብስ! በል ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ።

ደምስ፦ እውነትዎን ነው? መነጽሬስ?

ጋሽ ዘርጋው፦ እሱ ከጥሎሹ ይቆጠርልሃል። እስከ ቅዳሜ ግን እኔ አንተን አይበታለሁ።