የአህያው ሻሾ ግራ ጆሮ እንዴት እንደተሰበረ

የምስክሩ ስም፦ ከተማ ፈቀደ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የእድር ድንኳን ተካይና ንብረት ጠባቂ
አድራሻ፦ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አፍንጮ በር
ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡10

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ፒያሳ ያለውን የአህያውን የሻሾን ሐውልት የሰበርኩት እኔ ነኝ። ታስሮ ያለው የሐውልቱ ጥበቃ ዘርዓብሩክ ዕዝራ እጁ የለበትም።

ሻሾ ልጆቻችን በቴሌቪዥን እያዩት ያደጉት የካርቱን አህያ ነው። ድምፁን ይሰጥ የነበረው ሟች አቶ ለተክርስቶስ ቃለአብ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤቴ ነበር። ሰፈራችን ሲፈርስ የደረሰው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የለም። ባለቤቱ ወ/ሮ የሺዓለም "ከሰፈሩ ሸኙልኝ" ስላሉ ፒያሳ፣ ሰፈራችን በነበረበት ቦታ ከቆመው ሐውልት አጠገብ እንድንተክል ወረዳውን ለምነን ተፈቀደልን። ሐውልቱ ከተነካ ግን ድንኳኑ ወዲያው እንደሚነሳ ተነግሮናል።

ሰኞ ጠዋት ስተክል ዘርዓብሩክ "ጋሼ ከተማ፣ አደራ፣ ገመድ እንዳይነካው" ብሎኝ እሺ አልኩት። በዕለቱም ቀብሩ ተፈጸመ። ማክሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም እሱ ምሳ ሊበላ ሄዶ ሳለ ነፋስ ስለተነሳ አንድ ገመድ ጨመርኩ። ዛሬ ሐውልቱ የቆመበት ቦታ ላይ ቀድሞ ጥድ ነበር። የሰፈራችንን ድንኳን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ጥድ ሳስር ኖሬአለሁ። እጄ ለምዶ ገመዱን የሻሾ ጆሮ ላይ አሰረው፤ ልቤ እዚያ አልነበረም።

8 ሰዓት ላይ ነፋሱ ድንኳኑን ሲጎትት የግራ ጆሮው ተገንጥሎ ወደቀ። ዘርዓብሩክ ልክ ያን ጊዜ ከምሳ ሲመለስ አይቷል። ገመዱን ፈትቼ ጆሮውን በድንኳኑ ጆንያ ውስጥ ደበቅሁ።

10 ሰዓት ላይ ፖሊሶች መጥተው ዘርዓብሩክን ማን እንደሰበረው ጠየቁት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን ለቀስተኞች አየና "አላየሁም" አለ። "አንተው ሰብረህ ሸሽገህ ነው፤ ጆሮውን አምጣ" ብለው ወሰዱት። እኔ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ቆሜ ዝም አልኩ። ቶሎ ይለቁታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ፈርቼ ነው፤ አሁንም አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ በጣም ደክሞኛል።

ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ቁርስ ይዤለት ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን "ጋሼ፣ ሰልስቱ አለፈ?" አለኝ። "ትናንት አለፈ፤ ድንኳኑንም አንስቻለሁ" አልኩት። "ወይዘሮ የሺዓለም ሳይረበሹ?" አለ። አዎ አልኩት። "እንግዲያው አሁን ለፖሊሶቹ ይንገሯቸው፤ ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው" አለኝ። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ የተኛው ለቅሶው እስኪያበቃ ድንኳኑ እንዳይፈርስ ብሎ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሟቹን በሕይወቱ አንድ ቀን አግኝቶት አያውቅም።

ጆሮውን ከነጆንያው አስረክቤአለሁ። ይህ ቃል ተነብቦልኝ እኔው የተናገርኩትና እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ዘርዓብሩክ ያልጠራው ስሜ ከዚህ በታች ተጽፏል።

ምስክር፦ ከተማ ፈቀደ    ፊርማ ________
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ናዝራዊት እምሩ    ፊርማ ________