ሦስት ቁልፍ ያለው ሰርቨር

ፀዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ቆርቆሮና ምስማር፣ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ቁልፍም እሸጣለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ደጃፍ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ማየት ሌላው ሥራዬ ነው። ባለፈው ግንቦት እንዲሁ እንደቆምኩ አያ አስናቀው ከባጃጅ ሲወርዱ አየሁ። አያ አስናቀው እኔ በተወለድኩባት የወገራ ቀበሌ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶ ወይም የፍርድ ቤት ክርክር ካልሆነ በቀር ከተማ አይወርዱምና ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

«ማንም አልሞተም» አሉ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ። «መጽሐፋችንን በስልክ የምትበትነው ልጅ ጎረቤትህ ናት አሉ። ቤቷን አሳየኝ።»

የቁጣቸውን ምክንያት ለማያውቅ ላስረዳ። የደብራችን የማርያም ዕቃ ቤት በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ መክፈቻ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በቄሰ ገበዙ፣ ሦስተኛው የምእመናን ተወካይ በሆኑት በአያ አስናቀው እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። አስተዳዳሪው ምንም ቢቸኩሉ አያ አስናቀው እርሻ ላይ ከሆኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጎረቤቴ ፀደይ ደግሞ ኮምፒውተር ተምራ በከተማው አንድ የብራና መጻሕፍት ማዕከል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ማዕከሉ የየደብሩን መጻሕፍት ፎቶ እያነሳ ሰርቨር በሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከኛ ደብር ለሙከራ አንድ ተአምረ ማርያም ብቻ ተነስቶ ነበር። የቀሩት ክረምት ሳይገባ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲነሱ ተቀጥሮ ነበር። መቸኮሉም ያለ ነገር አይደለም፤ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ከኔ ሱቅ ያልተገዛ ስለሆነ ያፈስ ነበር።

አያ አስናቀው ግን ዳባት ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ዘርግቶ «ይህ የናንተ መጽሐፍ አይደለም?» ብሎ አሳይቷቸዋል። ሦስት ቁልፍ የሚጠብቀውን መጽሐፍ አህያ በታሰረበት ቦታ በጎረምሳ መዳፍ ላይ አዩት። ያን ጊዜውኑ ቅዳሜ መክፈቻዬን አላመጣም ብለው ማሉ። ይህ ማለት መጻሕፍቱ ሌላ ክረምት ጠብታ ሲቀበሉ ይከርማሉ ማለት ነው።

ፀደይ ግቢዋ ውስጥ ላፕቶፕ ይዛ ተቀምጣ አገኘናት። ብድግ ብላ ጉልበት ሳመች፣ ወንበር አቀረበች። ሽማግሌው አልተቀመጡም። የገበያውን ነገር አንድ በአንድ ነገሯት። እኔ እንደማውቀው የተማረ ሰው ሲከሰስ ነገሩን በረጃጅም ቃላት ያድበሰብሰዋል። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

«ልክ ነዎት አያ። ጥፋቱ የኔ ነው። ፕሮግራሙ ሲመጣ ማንም ገብቶ እንዲያይ፣ እንዲወስድም ተደርጎ ነው የሚመጣው። ለሙከራ ብዬ መጽሐፉን ሳስገባ ሴቲንጉን ሳልቀይር ቀረሁ።»

አያ አስናቀው ወደኔ ዞሩ። እኔም በማውቀው አስረዳሁ፤ የቁጥር ቁልፍ ከፋብሪካ ሲመጣ ሁሉም በዜሮ ነው የሚከፈተው፣ ገዢው ነው የራሱን ቁጥር የሚሰጠው አልኳቸው።

«እና አንቺ» አሏት፣ «ዜሮውን ሳትቀይሪ የደብር መጽሐፍ አስቀመጥሽበት?»

«አዎ አያ።»

ያች አጭር «አዎ» ከብዙ ማስረጃ ይልቅ ጠቀመቻት። ሽማግሌው ተቀመጡ። እሷም እዚያው ላፕቶፑን ነካክታ የኔን ስልክ ተቀበለችና አሳየቻቸው። ቀድሞ ይታይ የነበረው መጽሐፍ ጠፍቶ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

«ሸጋ። አሁን ጨርሰሽ አጥፊው።»

«ካሉ አጠፋዋለሁ። ግን አንቱ ዳዊት የደገሙ ሰው ነዎት። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለው ግዝት ምን ይላል?»

«የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን ይላል። እኔስ ምን ያስፈራኝ መሰለሽ? አባቴ ይህን መክፈቻ አንገቴ ላይ ሲያስሩልኝ ግዝቱን አስነብበው ነው። በኔ ዘመን ተዘረፈ ቢባል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ያነበበውስ?»

አያ አስናቀው ቀስ ብለው፣ «ለጻፈው፣ ላነበበው፣ ለሰማው ምሕረት ይሁን ነው የሚለው» አሉ።

«እንግዲያው መጽሐፉ ራሱ ለይቶታል አያ። ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ መውሰድ ሌላ፣ መፋቅ ሌላ። የኔም ሥራ ይህንኑ መለየት ነው። እኔ በራሴ ስነካካው ከምሳሳት አንቱ ይዘዙኝ፤ ማን ያንብብ?»

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ለማመን ይከብዳል። ማኪና ላይ ሲወጡ የሚያማትቡት ሽማግሌ ሰርቨር ማዘዝ ጀመሩ። ማንበብ ለሁሉም ይሁን አሉ። ከዚያ ቆም ብለው፣ ለሕመምተኛ የሚደገመው የአስማት ጸሎት ግን ለካህናት ብቻ አሉ። መውሰድ በደብሩ ፈቃድ ይሁን አሉ። እሷም እያንዳንዱን እየነካች፣ ምን እንዳደረገች ጮክ ብላ እየተናገረች ትሠራለች።

አዲስ መጽሐፍ ገብቶ ለሰው ከመታየቱ በፊት ማን ይፈቅዳል ስትላቸው ግን ሳቁባት። «ይህም ይጠየቃል? አስተዳዳሪው፣ ቄሰ ገበዙ፣ እኔ።»

ፀደይ ቀና አለች። ፕሮግራሙ የፈቃድ እርከኖች እንዳሉት፣ ሰዎች በተራ ካላጸደቁ መጽሐፉ እንደማይታይ፣ እስካሁን ግን ባዶ ትታው እንደነበር ነገረችን። የሦስቱን ስም አስገባች። የአያ አስናቀው የይለፍ ቃል ላይ ሲደርሱ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ ለአስተዳዳሪውም ለኔም ለርስዋም እንዳይነግሩ አስጠነቀቀቻቸው።

«መክፈቻዬን መች ለሰው አበድሬ አውቃለሁ?» አሉና በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ጻፉ።

«መፋቁስ?» አሉ ሲጨርሱ።

«ከራሴም ላይ አንስቼዋለሁ። ይኸው ይዩ፤ በየቀኑ በምሠራበት ስሜ ልሞክር።» መጽሐፉን ሰርዝ የሚለውን ተጫነች። ማሽኑ ፈቃድ የለዎትም አላት።

አያ አስናቀው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ደጋግመው አነበቡት። «ያሠራሽው ቤት አንቺን ከለከለሽ?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ፤ የዋዛ ሰው አይደሉም። «አንቺ የዘጋሽውን አንቺ አትከፍችውም ትይኛለሽ?»

«አልልዎትም። የሰርቨሩ ዋና መክፈቻ በማዕከሉ አለ። የደብሩን ቁልፍ የሠራው ቀጥቃጭስ ቢፈልግ መስበር ያቅተዋል?»

«አያቅተውም። ግን ሲሰብር ይሰማል። ሦስት ቁልፍ የሚደረገው እኮ ሌባ ጨርሶ እንዳይችል አይደለም፣ ብቻውን በዝምታ እንዳይችል ነው።»

«እኛም ያው ነን። ማን እንደከፈተ፣ መቼ እንደነካ ማሽኑ ይመዘግባል። ደግሞ ቅጂው ሌላ ቦታ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ አለ፤ እዚህ ቢፋቅ እዚያ ይገኛል። ዕቃ ቤቱ ግን ቅጂ የለውም አያ።»

አያ አስናቀው አንገታቸው ላይ ያለውን መክፈቻ በጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩ። ሲነሱ፣ «ቅዳሜ ብርድ አለና ጋቢ ያዢ» አሏት። ይህች መሐላቸው መፍረሷን የሚያበስር ቃል ነበረች።

ቅዳሜ እኔም ለጣሪያው ቆርቆሮ አስጭኜ አብሬ ሄድኩ። በሩ በሦስቱ እጅ ተከፈተ። ጥግ ላይ ከነበሩት አንዱ ገድል ጠብታ አግኝቶት ቅጠሎቹ ተጣብቀው ነበር፤ ቄሰ ገበዙ ሊገልጡት ሲሉ ቀለሙ አብሮ ተነሳ። አያ አስናቀው «ተዉት፣ አትንኩት» አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆነ። የቀሩት ግን ደህና ነበሩና አንድ በአንድ ፎቶ ተነሱ።

ማምሻውን ፀደይ ላፕቶፑን ደጀ ሰላሙ ላይ አኖረችው። አስተዳዳሪው አጸደቁ፣ ቄሰ ገበዙ አጸደቁ። ተራው የአያ አስናቀው ሲሆን እጃቸውን አላነሱም። ልጅቱ ሐሳባቸውን የለወጡ መስሏት ፊቷ ገረጣ።

«ውሃ አምጡልኝ» አሉ። «መጽሐፍ ያለ መታጠብ ይነካል እንዴ?»

ታጥበው፣ በነጠላቸው አድርቀው፣ በዚያች አንድ ጣት ተጫኑት።

ዛሬ ቆላ ድባ ያለ የቅኔ ተማሪ፣ ዛሪማ ያለ ዲያቆን የኛን ደብር መጽሐፍ ያነባል። ብራናው ግን ጣት አይነካውም፣ ሰም አይንጠባጠብበትም፣ አዲሱ ጣሪያ ሥር በሰላም ተኝቷል። ወዳጆቼ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ አንቀበልም ብሎ በር ከመዝጋት፣ እንደመጣም ከመቀበል፣ አጠገቡ ተቀምጦ ማን ይክፈተው ብሎ ማዘዝ ይሻላል። የአባቶቻችን ሥርዓት ለዕቃ ቤት በር ብቻ የሚሆን አይደለም። አያ አስናቀው አሁን አንገታቸው ላይ አንድ መክፈቻ፣ ልባቸው ውስጥ አንድ የይለፍ ቃል ይዘው ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ በወሬ ላውጣጣቸው ሞከርኩ፤ እስካሁን አልነገሩኝም።